ከኪቢሽ የመጣው «ድንጋይ»

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብጠፋባችሁ አትቀየሙኝ፤ ጂንካ ነበርኩ። ልጄ በሥራ ምክንያት ወደ ደቡብ ኦሞ ከተዛወረች አራት ዓመት ሆናት። የዘጠኝ ዓመቱን የልጅ ልጄን የማየው በበዓል ብቻ ነበር። ዘንድሮ «እናንተ ከምትመጡ እኔው ልምጣ» ብዬ ሻንጣዬን አነሣሁና በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል አድርጌ ገባሁ። ስለ ጂንካ አየርና ስለ ለምለም ተራራዎቿ ሌላ ቀን አወጋችኋለሁ። የዛሬው ወሬዬ እዚያ ለልጅ ልጄ ስለሰጠሁት የተሳሳተ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ልጁ ከጎረቤት እየሮጠ መጣ። በሁለት እጁ የያዘውን ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጠው። መዳፍ የሚሞላ፣ ከዓይነ ግቡ ይልቅ አስቀያሚ የሚባል፣ ግራጫ ነጭ የሆነ፣ የተጨማደደና ጠርዙ የሚቧጥጥ ነገር ነው። ሁለት ሦስቱ ላይ በላይ ተጣብቀው አንድ የሆኑ ይመስላል። ጎረቤታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወደ ኪቢሽ አካባቢ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ አንሥቶ ለልጁ አምጥቶለታል።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

እናንተዬ፣ አርባ ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው «አላውቅም» ማለት እንዴት እንደሚከብደው የሚያውቀው የመምህር ሚስት ብቻ ናት። መነጽሬን አስተካከልኩ፣ ገልበጥ አድርጌ አየሁትና «ኮራል ነው» አልኩ። ለአፍታም አላመነታሁም።

እርግጠኛ የሆንኩበት ምክንያት ነበረኝ። ወጣት መምህር ሳለሁ ምጽዋ ተመድቤ ሠርቻለሁ። የምጽዋን ባሕር ያየ ሰው ኮራል አይረሳም። በጠራ ቀን ከጀልባ ላይ ቁልቁል ስታዩ፣ ከውሃው ሥር የአበባ አትክልት የተተከለ ይመስላችኋል። ከዚያ ያመጣሁት አንድ ቁራጭ ዛሬም አዲስ አበባ በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ አለ። ልጁ ያመጣው ነገርም ነጭ ነው፣ ሻካራ ነው፣ የተደራረበ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። አላቆምኩም። «አየህ፣ ይህ አገር ድሮ ባሕር ነበር። የሐመር እናቶች ቆዳ ልብሳቸው ላይ የሚደረድሩትን ዛጎል አላየህም? እሱስ ከየት መጣ?» አልኩት። ልጁ በቅዳሜ ገበያ ደጋግሞ ያየው ነገር ስለሆነ ዓይኑ በራ። ከዚያም ማረጋገጫ ልስጠው ብዬ ከጓዳ ኮምጣጤ አስመጣሁና ጠብ አደረግኩበት። ቺሽ ብሎ አረፋ አወጣ። «ኮራል ኖራ ነው፤ ኖራ በኮምጣጤ ይፈላል። ተረጋገጠ!» አልኩ። ልጁ አጨበጨበ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ደቡብ ኦሞ ባሕር እንደነበረና እሱ ቤት ኮራል እንዳለ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረ። ክፍሉም አጨበጨበለት። ሰኞ ይዞ እንዲመጣም ቃል አስገቡት።

ቅዳሜ ማታ የልጄ ጓደኛ የሆነ አንድ ወጣት የሥነ ሕይወት መምህር ቡና ሊጠጣ መጣ። ልጁ ሀብቱን አውጥቶ አሳየው። መምህሩ ተቀበለው፣ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ ገለበጠው፣ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም እኔ ቀደምኩና «ኮራል ነው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝና ወደ ልጁ ዞሮ «አንተ በደንብ አይተኸዋል? እስቲ በጎን በኩል ያለውን ንገረኝ» አለው።

ልጁም፣ እኔ ያላየሁትን ነገረው። «በጎኑ እንደ ደብተር ገጽ ነው፤ ስስ ስስ ሆኖ ተደራርቧል። ውስጡ ደግሞ እዚህ ጋ ሲጠረግ ያብረቀርቃል።»

መምህሩ ሳቅ አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ የምጽዋው ኮራል ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አልነበሩም?»

ነበሩ እንጂ! መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ቁራጭ ስንቴ አቧራውን ጠርጌያለሁ። ላዩ በሙሉ ከዋክብት በሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶች የተበሳ ነው። ኮራል ተክልም ድንጋይም አይደለም፤ እንስሳ ነው። አብዛኞቹ ቁመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ለስላሳ እንስሳት በሺህ እየሆኑ ተጠጋግተው ይኖራሉ። እያንዳንዱ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጣ ከሥሩ ጽዋ የመሰለ ቤት ይሠራል። ከጽዋው ግድግዳ ወደ መሃል የሚያመሩ ስስ ክፍልፋዮች አሉት፤ ብርቱካን ለሁለት ሲቆረጥ እንደሚታየው ማለት ነው። እንስሳው ሲሞት ጽዋው ይቀራል። ኮራልን ኮራል የሚያሰኘው ይህ ምልክት ነው። ልጁ ያመጣው ነገር ላይ አንድም እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለም። እኔ ያየሁት መምሰሉን ነው፤ ልጁ ያየው ያለውን ነው።

«ኮምጣጤውስ? ፈልቷል እኮ!» አልኩ፣ ተስፋ ሳልቆርጥ።

«የእንቁላል ቅርፊትም ይፈላል፣ ጋሼ። ቀንድ አውጣም፣ እብነ በረድም ይፈላል። ኮምጣጤ ኖራ መሆኑን ነው የሚነግረን፤ የማን ኖራ እንደሆነ አይነግረንም። ደግሞም ይበላዋል፤ ሁለተኛ ባያደርጉበት ደስ ይለኛል።»

ከዚያ ሾፌሩ ተጠራ። መምህሩ የጠየቀው ብዙ አልነበረም። ብቻውን ነበር ወይስ ብዙ ነበሩ? መሬት ላይ ተበትነው ነው ወይስ ከገደሉ ወጥተው? ሾፌሩ አሰብ አደረገና «ብዙ ናቸው። ውሃ የቦረቦረው ገደል አለ፤ እዚያ ላይ እንደ ግንብ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ይህኛው ግን ከሥር ወድቆ ያገኘሁት ነው» አለ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ በጥንቃቄ ተናገረ። «በፎቶና በቡና ላይ ስም አይሰጥም። ግን ኤቴሪያ ሳትሆን አትቀርም።»

ኤቴሪያ የናይል ኦይስተር የምትባለዋ ናት። ሁለት ክዳን ያላት፣ በጨዋማ ባሕር ሳይሆን በሚፈስ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ የምትኖር እንስሳ ናት። በናይል፣ በኒጀርና በኮንጎ ወንዞች ትገኛለች። በምዕራብ አፍሪካ ቤኒን ሰዎች ሥጋዋን ይበላሉ፣ ከቅርፊቷም ኖራ ያቃጥላሉ። ጠባይዋ ነው እኔን ያሳሳተኝ። በሕፃንነቷ አንድ ክዳኗን ከአለት ጋር ታጣብቅና ዕድሜ ልኳን ከዚያ አትነቃነቅም። ሌላዋ መጥታ እሷ ላይ ትጣበቃለች፤ በዚያች ላይ ደግሞ ሦስተኛዋ። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር፣ ኮራል በባሕር ውስጥ እንደሚያደርገው፣ በወንዝ ውስጥ ግንብ ትሠራለች። መልኳ የኮራልን ክምር ቢመስል አይገርምም። ትርጉሙ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮራል ቢሆን ኖሮ «እዚህ ባሕር ነበር» ይል ነበር። ኤቴሪያ ከሆነች የምትለው «እዚህ ወንዝ ነበር» ነው።

ስለ ዛጎሉ ያልኩትም እንዲሁ ፉርሽ ሆነ። የሐመር እናቶች የሚያጌጡባት ትንሿ ነጭ ዛጎል በእርግጥ የባሕር ናት፤ ኖራዋም በሕንድ ውቅያኖስ ኮራሎች አካባቢ ነው። ወደ ኦሞ ያመጣት ግን ባሕር ሳይሆን ነጋዴ ነው። ከማልዲቭ ደሴቶችና ከሌሎች ጠረፎች እየተለቀመች፣ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ ጭምር እያገለገለች፣ ከእጅ ወደ እጅ አፍሪካን ዞራለች። ዲመካ ገበያ ላይ የሚታይ ዛጎል የሰውን መንገድ እንጂ የውሃን መንገድ አያሳይም።

ባሕር ነበር ያልኩት ነገር ለአገራችን ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በዓባይ በረሃና በመቀሌ ዙሪያ የምናየው የኖራ ድንጋይ በእርግጥ የጥንት ባሕር ወለል ነው። በአፋር፣ በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከ100,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ እውነተኛ ኮራል በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይታያል፤ ቀይ ባሕር ወደዚያ ገብቶ የነበረበት ጊዜ ምልክት ነው። ኢትዮጵያ ኮራል አላት። እኔ ግን የአፋርን ታሪክ አንሥቼ ኪቢሽ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የኪቢሽ ታሪክ ደግሞ በራሱ የሚበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ ቡድን ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ በኪቢሽ አካባቢ የጥንት ሰው ቅሪቶችን አገኘ። ኦሞ 1 ተብሎ የተጠራው ከእኛው ከዘመናዊው ሰው ወገን ነው፤ የተገኘበት ቦታም በቡድኑ አባል በኬንያዊው ካሞያ ኪሜው ስም ይጠራል። ስንት ዓመቱ ነው? ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ይህችው ኤቴሪያ! ቅሪቱ ከተገኘበት እርከን የተወሰደ ቅርፊቷ ተመረመረና 130,000 ዓመት ገደማ የሚል ቁጥር ተገኘ።

ሊቃውንቱ ግን በዚህ አልረኩም። ቅርፊት ከተቀበረ በኋላም ዩራኒየም ከአፈሩ ሊስብ ስለሚችል፣ በዚያ ዘዴ የሚገኘው ዕድሜ ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደ ቦታው ተመለሱ። የ1967ቱን ጉድጓድ ፈልገው አገኙት፤ ከቀድሞው አጥንት ጋር ልክክ ብሎ የሚገጥም የጭን አጥንት ቁራጭ ሳይቀር አነሡ። በ2005 ዕድሜውን ከእሳተ ገሞራ አመድ ሠርተው 195,000 ዓመት ገደማ አሉ። በ2022 ደግሞ ሌላ ቡድን ከቅሪቱ በላይ የተነጠፈውን አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር አገናኘውና ዕድሜው ቢያንስ ወደ 233,000 ዓመት ከፍ አለ። አዎ፣ ለሽርሽር የምንሄድበት የሻላ ሐይቅ! መልሱ በአምሳ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ያፈረ የለም። እያንዳንዱ መልስ የቆመበትን ምክንያት አብሮ ስለያዘ፣ ቀጣዩ ሰው የቱ ጋ እንደሚያርመው ያውቅ ነበር።

ልጁ ይህን ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቆየና «ታዲያ የእኔስ ስንት ዓመቷ ነው?» አለ።

መምህሩ ወዲያው አልመለሰም። የኪቢሽ አፈር አንድ ወጥ አይደለም፤ ወንዙና ሐይቁ በየዘመናቸው ያነጠፏቸው አራት ታላላቅ እርከኖች ናቸው፤ ጠቅላላ ውፍረታቸው መቶ ሜትር ያህል ነው። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት እንኳ የቱርካና ሐይቅ ከዛሬው ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ ናይል ይፈስ ነበር። ዛሬ በቱርካና ናይል ፐርች የሚገኘው የሁለቱ ውሃዎች የድሮ ዝምድና ስላለ ነው። ስለዚህ ቅርፊቷ የ10,000 ዓመት ልትሆን ትችላለች፤ ከ100,000 በላይም ልትሆን ትችላለች። «ያለችበት ሳለች ቢሆን እርከኑ ይነግረን ነበር። አሁን ግን ከቦታዋ ተነሥታለች» አለ መምህሩ።

የልጁ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሾፌሩም ደነገጠ፤ «እኔ እኮ ድንጋይ መስሎኝ ነው። ሌላ ልጨምርለት አስቤ ነበር» አለ። መምህሩ እጁን ይዞት «እባክህ ወንድሜ፣ አታምጣ። ይልቅ የቦታውን ምልክት ንገረኝ» አለው። ቆሻሻ ወረቀት ላይ መንገዱንና ገደሉን አብረው ሣሉ።

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። «ይህች ቅርስ ትሁን አትሁን የምንወስነው እኛ አይደለንም። ማሳወቅ ግን የእኛ ነው» አለ መምህሩ። ማለትም ልጁ ሀብቱን ሊሰጥ ነው። ሰኞ ክፍል ይዟት የሚሄዳት «ኮራል» የለችም።

ሌሊቱን ጥሩ አልተኛሁም። ጠዋት ሸፈሮ እየጠጣን ሳለ ልጁ አጠገቤ መጣና ቁጭ አለ።

«አባባ፣ እርግጠኛ ሳይሆኑ ለምን እርግጠኛ ነኝ አሉኝ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። እናቱ «ተው፣ አያትህን እንዲህ አይባልም» ልትለው ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ በልጅነቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ አባቴን ጠይቄ አላውቅም፤ አባቴም የነገረኝን ሁሉ፣ ስህተቱን ጭምር፣ ትልቅ ሰው እስክሆን ተሸክሜዋለሁ። «አላውቅም ብል የምታከብረኝ አልመሰለኝም» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ጋሼስ ቢሆን እኮ አላውቅም ብሏል» አለኝ። መምህሩን ማለቱ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ መምህሩ በዚያ ምሽት ከነገረኝ አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ፤ እኔ ወደ ጂንካ ሳልፍ በመስኮት ያየሁት አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። በሌሊት ነፍሳት እያደኑ ከሚኖሩት ወፎች ወገን ናት። ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ሊቃውንቱ ያንን ክንፍ በሙዚየም ካሉ ወፎች ጋር እያስተያዩ ቆዩ፤ ከማንም ጋር አልገጠመም። አዲስ ዝርያ መሆኗ ታውቆ ስም የወጣላት በ1995 ነው። የወጣላት የሳይንስ ስም ራሱ «አንድ ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። አምስት ዓመት ስም አልባ ሆና መቆየቷ ማንንም አልጎዳም። ቸኩሎ የሌላ ወፍ ስም የሰጣት ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ዛሬም ድረስ መኖሯን ባላወቅን ነበር።

እንግዲህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ የማታውቁትን ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ከእኔ የተሻለ ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ያየውን እሱ ይንገራችሁ፤ የልጅ ዓይን ቅርብ ነው። ነገሩ ገና ያልተነሣ ከሆነ ባለበት ይቆይ፤ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሡት፤ መጠኑና ቦታው አብረው ይታያሉ። ተነሥቶ ከመጣ ደግሞ አትጠቡት፣ አትፈቅፍቁት፣ ኮምጣጤ ይቅርበት። የት፣ መቼ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ በዚያው ቀን ጻፉ። በባሕር ዳርቻ ከሆናችሁ ደግሞ «አትንካ» የሚለው የሕይወት ጉዳይ ነው። በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል የምትገኘው ኮን የምትባል ባለ ውብ ቅርፊት ቀንድ አውጣ መርዝ አላት፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎቿ ሰው እስከመግደል ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው የሚለየው ደግሞ ከመልሱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ቅርፊቷን በጋዜጣ ጠቅልሎ በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጣት። በላይዋ የሚለጠፈውን ወረቀት ራሱ ነው የጻፈው። የተገኘችበትን ቦታ፣ የተገኘችበትን ቀን፣ ከገደሉ ሥር ወድቃ መገኘቷን ጻፈ። «ምንነት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አነሣና አየኝ። እኔ ዝም አልኩ። «ገና አልታወቀም። ኤቴሪያ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ጻፈ። ከታችም በትንንሽ ፊደል «አያቴ ኮምጣጤ አድርገውበታል» የሚል ጨመረ። መምህሩ ይህ መረጃ ጠቃሚ ነው፣ ይቆይ አለ። ካርቶኑ በመምህሩ እጅ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ከሾፌሩ ሥዕል ጋር።

ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ኮራል የለም ብሎ ሲነግራቸው ይስቁበት ይሆን? በሩን ሲከፍት ጠየቅኩት። «ሳቁ። ከዚያ ወንዝ ነበር ስላቸው ደግሞ ወንዙ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ» አለ።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«አላውቅም አልኳቸው። አባባ፣ የት ሄደ?»

አብረን ልንፈልግ ነው። ቸር ያገናኘን፤ ሳምንት ሰው ይበለን።